የስድስት ዲናር ደረሰኝ



አምና የቁጠባ ሒሳባችንን ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ስናዛውር አንድ ጥፋት አጥፍቼ ነበር። በስብሰባ ላይ ተነሥቼ «አሮጌ የቁጠባ ደብተሮቻችሁን አምጡና እናስወግዳቸው፤ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ» አልኩ። አብዛኞቹ አመጡ። አንዲት እናታችን ግን እምቢ አሉ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚፈርሙት በአሻራ ነው። «ልጄ፣ ባላነበውም ይዤው ልኑር» አሉኝና ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ጉያቸው መለሱት። እኔም በሆዴ ስቄ አለፍኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሒሳቡ ሲመሳከር የእሳቸው የሁለት ወር ቁጠባ ሳይመዘገብ መቅረቱ ታወቀ። የዘለልኩት እኔው ነበርኩ። ስሕተቱን ያረምነው በዚያው በፌስታል በተጠቀለለው ደብተር ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አሮጌ ወረቀትና ስለ አሮጌ ዕቃ ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከ1900 ዓመት ገደማ በፊት ስለኖረች፣ እንደ እናታችን መጻፍ ስለማትችል፣ ነገር ግን ወረቀቶቿን በከረጢት ቋጥራ ከጦርነት ስለሸሸች ሴት አነበብኩ። ስሟ ባባታ ይባላል። የእሷን ታሪክ የምናውቀው ማንም ታሪክ ጸሐፊ ስለጻፈላት አይደለም። ቤቷ ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች ጥቂቶቹ ስለተገኙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የቤት ዕቃ ስለ ክፉ ዘመን ምን እንደሚነግረን በእሷ ታሪክ አማካይነት ላካፍላችሁ ፈለግሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዕቃ እንደ ምስክር

መንግሥት ሲወድቅ፣ አመፅ ሲነሣ፣ ከተማ ሲቃጠል ታሪኩን የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊዎች ናቸው። የሚጽፉትም ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር አዛዦችና ስለ ሞቱት ሰዎች ቁጥር ነው። በዚያ ቀን ማን እሳት ላይ ድስት ጥዶ እንደነበር፣ ማን ልጁን አዝሎ እንደወጣ፣ ምን ይዞ ምን ጥሎ እንደሄደ አይጽፉም።

መሬት ቆፍረው ያለፈውን ዘመን የሚያጠኑት አርኪዮሎጂስቶች ግን ሥራቸው ከዚሁ ከተረሳው ነገር ጋር ነው። ሥራቸውን ሳስበው ከሒሳብ ምርመራ ጋር ይመሳሰልብኛል። ኦዲተር «ገንዘቡ በደንብ ተይዟል» ሲባል ሰምቶ አይሄድም፤ ደረሰኙን፣ ሳጥኑን፣ የንብረቱን ቆጠራ ያያል። አርኪዮሎጂስትም አንድ የፈረሰ ቤት ሲያገኝ ሦስት ነገር ይጠይቃል። በቦታው የቀረው ምንድን ነው? መኖር ሲገባው የሌለው ምንድን ነው? ተደብቆ የተገኘውስ ምንድን ነው? ሰዎች ቀስ ብለው ቤት ሲለቁ ዋጋ ያለውን ሁሉ ይዘው ይሄዳሉ፤ የሚቀረው ስባሪ ነው። በድንገት ሲያዙ ግን ምግቡ በምድጃው፣ ሙቀጫውም በቦታው ይቀራል። የሚሸሹ ደግሞ ሁሉን መሸከም ስለማይችሉ ይመርጣሉ፤ ምርጫቸውም ልባቸው ውስጥ የነበረውን ይናገራል።

የተቃጠለው ቤት

በድንገት የተያዘ ቤት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ። በ70 ዓ.ም. የሮማው ጢጦስ ከተማይቱን እንዳጠፋት በአገራችንም የታወቀ ነው፤ የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን መጽሐፍ በግእዝ ተተርጉሞ በቤተ ክርስቲያናችን ሲነበብ ኖሯል። መጽሐፉ ስለ ረኃቡና ስለ ጦርነቱ በሰፊው ይናገራል። ስለ አንድ ማድ ቤት ግን የነገረን ሌላ ምስክር ነው።

በ1970 ጥር ወር ናሕማን አቪጋድ የተባለ አርኪዮሎጂስት፣ ገዳማችን ዴር ሱልጣን ባለበት በዚያው በአሮጌው ከተማ ቅጥር ውስጥ፣ በአይሁድ ሰፈር ሲቆፍር ሙሉ በሙሉ በእሳት የጠፋ ቤት አገኘ። ዛሬ «የተቃጠለው ቤት» ይባላል። ክፍሎቹ በአመድና በጥላሸት ተሞልተው ነበር። ከአመዱ ሥር የሸክላ ድስቶች፣ ሙቀጫዎች፣ ከድንጋይ የተሠሩ ጠረጴዛዎችና ዕቃዎች፣ የቀለም መያዣዎችና የድንጋይ መመዘኛዎች ወጡ። የድንጋይ ዕቃ የበዛው በአይሁድ ሕግ ድንጋይ ርኩሰት አይቀበልም ተብሎ ስለሚታመን ነው፤ ቤተሰቡ የንጽሕና ሕግ የሚጠብቅ እንደነበር ከዕቃው ብቻ ታወቀ። በአንዱ መመዘኛ ላይ ደግሞ «የባር ቃትሮስ» ተብሎ ተጽፏል። የቃትሮስ ቤት የካህናት ቤተሰብ ነበር፤ በአይሁድ መጻሕፍትም ሕዝብን በመበደላቸው ከሚወቀሱት ወገኖች አንዱ ነው። ስለዚህ ቤቱ የማን ወገን እንደነበር የነገረን አንድ የሚዛን ድንጋይ ነው።

በቤቱ ውስጥ ከተገኙት ሳንቲሞች የመጨረሻዎቹ አመፀኞቹ ራሳቸው በ69 ዓ.ም. ያተሟቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የታተመ አንድም የለም። ሳንቲሞቹ እንደ መዝገብ መዝጊያ ሆነው ቀኑን አሳዩ። በአንዱ ክፍል ጥግ አንድ የብረት ጦር ተገኝቷል። በማድ ቤቱ በኩል ደግሞ የአንዲት ወጣት ሴት የክንድ አጥንት ተገኘ፤ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም አያልፍም።

ቤተ መቅደሱ የተቃጠለው ከዚህ ሰፈር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ነው። በዚያ ሁሉ ወር ቤቱ ሰው ነበረበት ማለት ነው። ዕቃው ሁሉ በቦታው መገኘቱ ቤተሰቡ በሰላም ለቆ እንዳልሄደ ያስረዳል። የጢጦስን ድል ሮማ ውስጥ የድንጋይ ቅስት ተሠርቶ ዘክሮታል። የዚችን ልጅ ግን ከማድ ቤቷ በቀር የዘከራት የለም።

ወደ ዋሻው የገቡት

ከዚህ ጥፋት 62 ዓመት በኋላ፣ በ132 ዓ.ም.፣ በዚያው አገር ሌላ አመፅ ተነሣ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን ነበር፤ የአመፁ መሪ ደግሞ ባር ኮክባ ተብሎ የሚታወቀው ስምዖን ነው። ጦርነቱ እስከ 135 ዓ.ም. ዘለቀ። ካሲየስ ዲዮ የተባለው የሮማ ታሪክ ጸሐፊ 985 መንደሮች እንደጠፉና 580 ሺህ ሰዎች በውጊያ እንደተገደሉ ጽፏል። ቁጥሩ እጅግ ትልቅ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ ግን አንድ ነገር ይከብደኛል፤ ድምሩን አያለሁ፣ ዝርዝሩን አላገኝም።

ዝርዝሩ የተገኘው ከሙት ባሕር በስተ ምዕራብ ባለ ገደል ነው። በገደሉ ወገብ ላይ በጠባብ ጠርዝ ካልሆነ የማይደረስበት፣ ሦስት አዳራሽ የመሰሉ ክፍሎች ያሉት ረጅም ዋሻ አለ። በ1960 እና በ1961 ይጋኤል ያዲን የመራው ቡድን ቆፈረው። ከገደሉ አናት ላይ የሮማውያን የጦር ሰፈር ፍርስራሽ ይታያል። ወታደሮቹ ከላይ ሆነው መውጫውን ይጠብቁ ነበር፤ ከታች በዋሻው ውስጥ ደግሞ የሸሹ ቤተሰቦች ነበሩ። በዋሻው ከተገኙት የሰው አፅሞች የሚበዙት የሴቶችና የልጆች ነበሩ፤ 8 ሴቶች፣ 6 ልጆችና 3 ወንዶች።

አገሩ ደረቅ በረሃ ስለሆነ በሌላ ቦታ የሚበሰብሰው ሁሉ እዚያ አልበሰበሰም። ልብስ፣ ጫማ፣ ቅርጫት፣ የተጠቀለለ ፈትል፣ መስታወት፣ የእንጨት ሳህን፣ ቢላዋ ተገኙ። የብርጭቆ ሳህኖች እንዳይሰበሩ በተምር ቃጫ በጥንቃቄ ተጠቅልለው ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። ሞት እያሳደዳት ገደል ለገደል የምትሸሽ ሴት ለምን የብርጭቆ ሳህን ትይዛለች? ቃጫውን ፈልጋ የጠቀለለች እጅ ነገ ተመልሳ እንግዳ እንደምታስተናግድበት የምታስብ እጅ ናት።

የነሐስ ማሰሮዎችና የዕጣን ዕቃዎችም በቅርጫት ሆነው ተቀብረው ተገኝተዋል። በአንዳንዶቹ ላይ የሮማውያን አማልክት ምስል ነበረባቸው፤ ፊታቸው ግን ተፍቆ ጠፍቷል። ዕቃው ከሮማውያን እጅ የመጣ እንደሆነ፣ ያገኙት አይሁዶችም ሃይማኖታቸው የማይፈቅደውን ምስል አጥፍተው ለራሳቸው እንዳዋሉት ያዲን ከዚህ ተረዳ። የአመፁ መሪ የጻፋቸው ደብዳቤዎችም በዚሁ ዋሻ ተገኙ፤ ያውም በቆዳ የውሃ መያዣ ውስጥ፣ ከዶቃና ከፈትል ጋር ተጠቅልለው። የጦር አዛዦቹ ደብዳቤ የተቀመጠው በሴት ንብረት መሐል ነው።

ከረጢቷ

በ1961 ቁፋሮ በአለት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ የባባታ ንብረት ተገኘ። በውስጡ ከነበሩት መካከል አንድ የቆዳ ከረጢት ነበረ፤ በከረጢቱ ውስጥ ደግሞ በፓፒረስ የተጻፉ 35 ሰነዶች። ፓፒረስ ከተክል የሚሠራ የጥንት ወረቀት ነው። ሰነዶቹ ዝም ብለው የተከመሩ አልነበሩም። በጉዳይ በጉዳያቸው ተለይተው ታስረው ነበር፤ የመሬቱ ለብቻ፣ የልጁ ለብቻ፣ የጋብቻው ለብቻ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩትን የፋይል አያያዝ ይህች ሴት በዋሻ ውስጥ አሳየችኝ።

ባባታ የኖረችው በሙት ባሕር ደቡብ ጫፍ፣ በዞዓር አካባቢ በሚገኝ ማሖዛ በሚባል መንደር ነው። የቤተሰቧ መተዳደሪያ የተምር እርሻ ነበር። ወላጆቿ በነበሩበት ዘመን አገሩን የሚገዙት የናባታውያን ነገሥታት ነበሩ፤ በ106 ዓ.ም. ሮማውያን መንግሥታቸውን ወስደው አረቢያ የሚባል ግዛት አደረጉት። ይህ ለውጥ በከረጢቱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቆዩት ሰነዶች በናባታውያን ቋንቋ ተጽፈው በንጉሣቸው ዘመን ይቆጠራሉ። የኋለኞቹ በግሪክ ቋንቋ ሆነው በሮማ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ይቆጠራሉ። አራማይክ የሆኑም አሉ። መሬቱ ያው መሬት ነው፤ ተምሩም ያው ተምር ነው። ባለቤቷ ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር በአዲስ ቋንቋ፣ በአዲስ ማኅተም «የእኔ ነው» ማለት ነበረባት። ከኛ አገር ሰው ይህን የማይረዳ ያለ አይመስለኝም፤ የንጉሡ ዘመን ወረቀት፣ የደርግ ዘመን ወረቀትና የዛሬው ካርታ በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚገኝበት ስንት ቤት አለ።

በ127 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሮማውያን በአረቢያ የሕዝብና የንብረት ምዝገባ ሲያደርጉ ባባታ ረባት ወደምትባል ከተማ ሄዳ አራት የተምር እርሻዎችን በስሟ አስመዘገበች። የእያንዳንዱ እርሻ ስም፣ አዋሳኙና የሚከፈልበት ግብር ተጽፏል። ግብሩ ከፊሉ በተምር፣ ከፊሉ በገንዘብ ነው። ስለ እሷ የጻፈላት ባሏ ነው።

አንዳንዶቹ ሰነዶች ሁለት ጊዜ የተጻፉ ናቸው። በአንዱ ወረቀት ላይ ጽሑፉ ከላይም ከታችም ይደገማል። የላይኛው ተጠቅልሎ ይታሰርና ምስክሮች ከጀርባው ይፈርሙበታል፤ የታችኛው ክፍት ሆኖ ይነበባል። ክፍቱን አንዱ ቢያበላሸው ወይም ቃሉን ቢለውጠው፣ የታሰረው ዳኛ ፊት ተፈትቶ ይመሳከራል። እኛ ዛሬ በካርቦን ሁለት ኮፒ ደረሰኝ የምንቆርጠው ለዚሁ ነው።

ሁለት ዲናር በወር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የባባታ የመጀመሪያ ባል ኢያሱ ይባል ነበር። እስከ 124 ዓ.ም. ድረስ ሞቷል፤ እንደ አባቱ ኢያሱ የሚባል ትንሽ ልጅ ትቶላታል። በዚያ ዘመን ሕግ እናት ለገዛ ልጇ ሞግዚት መሆን አትችልም። የጴጥራ ከተማ ምክር ቤት ሁለት ሞግዚቶች ሾመ፤ አንዱ አይሁዳዊ፣ ሌላው ናባታዊ። የልጁን ገንዘብ እነሱ ያዙት። ለማሳደጊያው በወር 2 ዲናር ይሰጧት ጀመር።

2 ዲናር ምን ያህል ነው? በማቴዎስ ወንጌል የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ ላይ የአንድ ቀን ደመወዝ አንድ ዲናር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ብንገምተው የልጁ የወር መተዳደሪያ የሁለት ቀን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው።

ባባታ ዝም አላለችም። ለአገረ ገዥው አቤቱታ አቀረበች፤ ሞግዚቶቹን በጴጥራ ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ አስጠራች። በ125 ዓ.ም. ያቀረበችው ሐሳብ በጽሑፍ አለ፤ እኔን ያስደነቀኝም እሱ ነው። ሞግዚቶቹ የልጁን ገንዘብ ለመቶ ዲናር በወር ግማሽ ዲናር ወለድ እያስታሰቡ ነበር የሚከፍሏት። እሷም፣ ገንዘቡን ለእኔ ስጡኝ፤ በዚያ ልክ የራሴን ንብረት በመያዣነት አስይዛለሁ፤ ለመቶ ዲናር በወር አንድ ተኩል ዲናር ወለድ እከፍላለሁ፤ ልጄም በሚገባው ክብር ይደግ አለች።

ስሌቱን እንሥራው። በግማሽ ዲናር ሒሳብ በወር 2 ዲናር የሚያስገኝ ገንዘብ 400 ዲናር ነው። ያው 400 ዲናር በእሷ ሒሳብ በወር 6 ዲናር ያስገኛል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። መያዣ አቅርባለች፤ ወለዱን ቆርጣለች፤ ለልጁ የሚደርሰውን አስልታለች። ይህች ሴት ዛሬ ወደ ብድር ኮሚቴያችን ብትመጣ ማመልከቻዋን የምንመልስበት ምክንያት አላገኝም። በዚሁ ሰነድ መጨረሻ ላይ ግን፣ መጻፍ ስለማትችል ሌላ ሰው እንደጻፈላት ተገልጿል።

ባባታ በኋላ ከዓይንጋዲ የሆነ ይሁዳ የሚባል ሰው አገባች። የጋብቻ ውሏ ከረጢቱ ውስጥ ተገኝቷል። በ128 ዓ.ም. የካቲት ወር ይህ ባሏ ከእሷ 300 ዲናር በአደራ ወሰደ። እሷም ለባሏ ቢሆንም ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር አልሰጠችም። ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ይሁዳ ልጁን ሸላምጽዮንን ዳረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይሁዳ ሲሞት ባባታ ውሎቿን አውጥታ፣ ለጥሎሿና ለዕዳዋ ማካካሻ የዓይንጋዲ ተምር እርሻዎቹን ያዘች፤ ፍሬውንም ሸጠች። ሚርያም ከምትባል ከይሁዳ ሌላ ሚስት ጋርም በሟቹ ቤት ዕቃ ተካሰሱ፤ እያንዳንዷ ሌላዋን ትከሳለች። ሁሉም ነገር ቅዱስ አልነበረም ማለት ነው፤ እንደማንኛውም ቤት ነው። ነገር ግን የእንጀራ ልጇ የሸላምጽዮን የጋብቻ ውልም በዚሁ በባባታ ከረጢት ውስጥ በአደራ ተቀምጦ ነበር። ልጂቷ ያመነቻት ይመስለኛል።

ይህ ጥንቃቄ የባባታ ብቻ አልነበረም። ከዚያው መንደር የሆነች ሰሎሜ የምትባል ሴትም ጥቂት የቤተሰብ ሰነዶቿ ተገኝተዋል፤ ከዚያው ዋሻ የወጡ እንደሆኑ ተመራማሪዎች ይስማማሉ።

የመጨረሻው ወረቀት

በከረጢቱ ውስጥ ካሉት ሰነዶች ሁሉ የመጨረሻው ቀን ያለው የአንድ ደረሰኝ ነው። ነሐሴ 19 ቀን 132 ዓ.ም. ባባታ ለልጇ ማሳደጊያ የሦስት ወር 6 ዲናር መቀበሏን አረጋገጠች።

ሦስት ወር፣ 6 ዲናር። በወር 2 ማለት ነው። ሞግዚቶቹ ከተሾሙ ስምንት ዓመት አልፏል። አቤቱታው፣ ጥሪው፣ ያቀረበችው መያዣ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልጨመረላትም። በስሌቷ በአንድ ወር ሊያገኝ የሚገባውን ልጇ በሦስት ወር አገኘ። ሆኖም ደረሰኙን ሰጠች፤ ቅጂውንም ያዘች።

ጦርነቱ የተነሣው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ወረቀት የለም። ባባታ ከመንደሯ ወጥታ፣ በመጨረሻም ወደ ዋሻው ገባች። ካሲየስ ዲዮ ስለዚያ ዘመን የጻፈው በመቶ ሺዎች ነው። እኔ ግን ጦርነት ሰው ላይ እንዴት እንደሚመጣ የገባኝ በዚህ ደረሰኝ ነው። ሰዎች ዛሬ የክፉ ዘመን ዋዜማ ነው ብለው አይኖሩም። ግብር ይከፍላሉ፣ ልጅ ይድራሉ፣ በዕቃ ይካሰሳሉ፣ የሦስት ወር ክፍያ ተቀብለው ይፈርማሉ። ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም ይገለበጣል።

ቁልፉ

በዚያ ዋሻ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል የቤት ቁልፎች አሉ። የበር መክፈቻ ትልልቅ የብረት ቁልፎች ናቸው። ለዋሻ ቁልፍ ምንም አይሠራም፤ አይበላም፣ አይለበስም፣ ከብዶ ከመሸከም በቀር ጥቅም የለውም። የያዙት ሰዎች በራቸውን ቆልፈው ነው የወጡት፤ ሊከፍቱትም አስበው ነበር። ወረቀትም እንደዚሁ ነው። እርሻውን ለዘላለም የተወ ሰው የእርሻውን ውል ተሸክሞ ገደል አይወጣም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ባለፉት ዓመታት ከቀያቸው ተፈናቅለው ማኅበራችንን ከተቀላቀሉ እህቶች መካከል አንዷ ለምዝገባ ስትመጣ በቦርሳዋ የነበረው የልጇ የክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተርና የቤቷ ቁልፍ ነበር። ቤቱ እንደተቃጠለ ሰምታለች። «ታዲያ ቁልፉ ምን ያደርግልሻል?» ስላት «እሱን ከጣልኩ አገር የለኝም ማለት ነው» አለችኝ። የባባታን ቁልፍ ያኔ አላውቀውም ነበር። አሁን ሳስበው አርኪዮሎጂስቶች ከዕቃው ያነበቡትን እህታችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኝ ኖሯል።

ስለዚህ የቤት ዕቃ ስለ ክፉ ዘመን የሚነግረን ከመጻሕፍቱ የተለየ ነገር ነው እላለሁ። መጽሐፍ ማን እንዳሸነፈ ይነግረናል። የተቃጠለው ቤት ድስት እስከ መጨረሻዋ ቀን ሰው ይበላ እንደነበር ይነግረናል። የተጠቀለለው ብርጭቆና ቁልፉ ተስፋ እንዳልቆረጡ ይነግሩናል። ከረጢቱ ደግሞ መጻፍ የማትችል ሴት መብቷን ታውቅ እንደነበር ይነግረናል። ፍርድ ቤቱ አልረዳትም፤ ሞግዚቶቹም አልሰሟትም። ተደብቆ የቀረው ከረጢት ግን ከ1800 ዓመት በላይ ጠብቆ መሰከረላት። ዛሬ ስለ ሮማ ዘመን የሴቶች የንብረት መብት የሚያጠኑ ምሁራን የባባታን ወረቀቶች ሳይጠቅሱ አያልፉም፤ የእነዚያን ሞግዚቶች ስም የምናውቀውም እሷ ስለከሰሰቻቸው ብቻ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ከዚህ ተነሥቼ ከጥፋቴ የተማርኩትን ላሳውቃችሁ። የቁጠባ ደብተር ማስወገድ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ሥራውን ይሥራ፤ ደብተሩ ግን በእያንዳንዷ አባል እጅ ይቆያል፤ በየወሩም ሁለቱ ይመሳከራሉ። ደጋፊዎቻችን ባበረከቱልን የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ለእያንዳንዷ አባል አንድ ፖስታ ተዘጋጅቷል። የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀት፣ የቤት ወይም የይዞታ ሰነድ፣ የብድር ውል ኮፒ ማስቀመጥ የምትፈልጉ ዘወትር ቅዳሜ ከስብሰባ በኋላ አምጡልኝ። ኮፒ የሚደረገው በነጻ ነው። ማንበብ ለማትችሉ እናቶች በፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ በቃል አስረዳችኋለሁ፤ ሁለት ምስክር ባለበት።

ያቺ ደብተራቸውን የከለከሉኝ እናታችን ይህን ታሪክ በቃል ስነግራቸው ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ልጁስ? አደገ?» አሉ። በወረቀቱ ላይ የልጁ ስም ለመጨረሻ ጊዜ የሚገኘው በዚያ በ6 ዲናር ደረሰኝ ላይ ነው አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በሉ እንግዲህ ደረሰኙን ደህና አድርጋችሁ ያዙት» አሉኝ።